ሁለተኛው ጉርሻ

አተም ኤሌክትሮን ሲቀበል ምን እንደሚሆን ባስተማርኩ ቁጥር እጄ ይቀዘቅዛል። ደባርቅ ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ፤ ብርዱንማ ለምጄዋለሁ።

ገና አዲስ የኬሚስትሪ መምህርት ሆኜ ስመጣ በትምህርት ቤታችን አንድ አንጋፋ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። የዳባት ሰው ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ይመጣሉ፣ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህን ትምህርት የሚያስተምሩት በጉርሻ ነበር። «ኦክስጅን የመጀመሪያዋን ኤሌክትሮን አፉን ከፍቶ ነው የሚቀበላት። ደስ ስለሚለው ጉልበት ይለቃል። ከጎረሰ በኋላ ግን ኔጋቲቭ ሆኗል፤ ሁለተኛዋም ኔጋቲቭ ናት፤ ይገፋታል። እንግዲህ እንዴት ትገባለች?» ይላሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በሞቴ!» ይላል። «አዎ! በሞቴ ማለት ከውጭ የሚጨመር ጉልበት ነው» ብለው ይስቃሉ።

እኔ ንድድ ይለኝ ነበር። ልጆቹ ፈተና ላይ «በሞቴ» ብለው ሲጽፉ የማርመው እኔ ነኛ! አንድ ዓርብ በመምህራን ክፍል ምሳ ስንበላ አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ አተም አፍ የለውም፤ ደስታም አያውቅም። ልጆቹን እያበላሹብን ነው» አልኳቸው። እሳቸው ግን ከምሳ ዕቃቸው ሽሮ በእንጀራ ጠቅልለው ዘረጉልኝ። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ጠቀለሉ። «በሞቴ» አሉ። ፊቴን አዞርኩ። «አፈር ስሆን፣ አንቺ ልጅ» አሉ።

«አልበላም አልኩ እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። እጃቸው እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየና ጉርሻውን መልሰው ምሳ ዕቃው ውስጥ አኖሩት።

ሰኞ ጠዋት በሚኒባሱ እሳቸው ሳይሆኑ መርዷቸው መጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልባቸው ቀጥ አለ ተባለ። ለቀብር ዳባት ወረድን። አፈሩ ሲመለስ «አፈር ስሆን» ያሉት ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እኔን! ብጎርስላቸው ምን ነበረበት?

ከዚያ ወዲህ ጉርሻ የሚባል ነገር ክፍሌ አልገባም። ትምህርቱን በቀመር ብቻ እሰጣለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ምልክቱን አስረድቼ ቶሎ አልፋለሁ። ሁለተኛዋ ኤሌክትሮን ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ከኋላዬ እጅ የተዘረጋ ይመስለኛል። ዞሬ አላይም።

ዘንድሮ ጠመኔዬን ይዤ «ሁለተኛዋ ኤሌክትሮን እንዴት ትገባለች?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ራሴው መልሼ ላልፍ። ከአምባራስ የመጣች፣ ከፊት የምትቀመጥ ልጅ ተነሳች።

«በሞቴ» አለች።

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ይህች ልጅ እሳቸውን አይታቸው አታውቅም። «ማን አስተማረሽ?» ስላት ድምፄ ቁጣ ሳይመስላት አልቀረም። ደንግጣ ከቦርሳዋ ጠርዙ ያለቀ ደብተር አወጣች፤ ታላቅ ወንድሟ እዚሁ ሲማር የጻፈበት ነው። እሳቸው ያሉትን አንድም ሳያስቀር ጽፎታል፤ ሳቃቸውን እንኳ «ሳቁ» ብሎ መዝግቦታል።

«ተሳሳትኩ እንዴ፣ ቲቸር?» አለች።

«አልተሳሳትሽም። እስቲ ድገሚው» አልኳት።

«በሞቴ» አለች።

አፌን ከፈትኩ። የሚያጎርሰኝ አልነበረም።