ሕመምተኛዋ ራሷ መጥታ ታመልክት

ከወሎ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ እናቴ በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ ቆመች፤ ረዳቱ «እማማ፣ ይልቀቋት እንጂ» ባይላት አሁንም እዚያው የምንቆም ይመስለኛል። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ከጦርነቱ በኋላ መድኃኒት የሌለው የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መዋል መረረኝና፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት የታመሙ ወላጆችንና ልጆቻቸውን ቤት ለቤት እየዞርኩ እንድረዳ ሲቀጥረኝ እሺ አልኩ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ሽሮው ውኃ ውኃ ይላል፣ ሰዉ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። እኛ አገር እንግዳ «ግቢ፣ ቅመሺ» ይባላል። የአከራዬ የመጀመሪያ ቃል ግን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሆነ። ነገርኳቸው።

«ይተላለፋል?»

«አይ እትዬ፣ አይተላለፍም።»

«ቢሆንም ልብስሽን ለብቻው ታሰጫለሽ።»

እኛን ገጠሬ የሚሉን እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ የተላክሁት ጫልቱ ከምትባል እናት ዘንድ ነው። ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማታል፤ ከቤት መውጣትም ትታለች። የአሥር ዓመቷ ሐና ትምህርቷን አቋርጣ ታናሽ እህቷን ታጥባለች፣ ታበላለች።

ለድጋፍ ላስመዘግባቸው የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ሕመምተኛዋ ራሷ መጥታ ታመልክት» አለኝ።

«ከቤት መውጣት አትችልም፤ ሕመሟ እሱ ነው።»

«ካልመጣች መታመሟን በምን አውቃለሁ? አለበለዚያ ልጆቹን ማሳደጊያ እንላካቸው፤ እሱ ይቀላል።»

በዚያው ሳምንት ድርጅታችን በተጋበዘበት ስብሰባ ላይ፣ ይኸው ሰው አንድ ሆቴል ውስጥ፣ «ተጋላጭ ሕፃናት» የሚል ባነር ሥር ቆሞ ስለ እናት ፍቅር ሲናገር ሰማሁት። ጥብሱን ሁለቴ ነው ያነሳው።

ከዚያ ወዲያ ማንንም አልለመንኩም። ሐኪማችንን ይዤ ዳገቱን ወጣሁና መድኃኒት አዘዘላት። ጫልቱ ግን ክኒን ከዋጥኩ ጠበሉ ይረክሳል ብላ ፈራች። ቤቷ እየመጡ ጠበል የሚረጯትን ቄስ ለመንኳቸው፤ እሳቸውም «ጠበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ፣ ልጄ» አሏት። ቢሮ ያጣሁትን ደግ ሰው በእሳቸው አገኘሁ። በየቀኑ እየሄድኩ፣ እስክትውጥ አጠገቧ እቀመጥ ነበር።

በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ከሰዓት ስገባ፣ ጫልቱ ሐናን ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ፀጉሯን ስትሠራላት አገኘኋት። «ቀና በይ ስላት እሺ አትልም» ብላ ስሞታ ነገረችኝ። ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሐና ትምህርት ቤት እንደተመለሰች ያ ኃላፊ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሎ መጣ፤ ለሪፖርቱ «የስኬት ታሪክ» ፈልጎ። ቢሮ የገጠመኝን ነግሬያት ነበር፤ ጫልቱ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ማመልከቻ ይዘዋል?» አለችው። በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

ይህን በስልክ ስነግራት እናቴ ብዙ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«የጎረቤታችን የዘይነባ ልጅ እኮ መናገር አቁማለች፣ ሰዓዳ። እህልም አትቀምስ።»

«ሆስፒታል ውሰዷት እንጂ፣ እማ።»

«ወስደናታል። ይህን የምታክመው ነርስ ሥራ ለቃለች አሉን።»

እኔን ማለታቸው ነው። እናቴም ታውቃለች። መቼ ትመጫለሽ ብላ ግን አልጠየቀችኝም።