የሰባተኛዋ ዳኛ ካባ

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኞች ካባ ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋችውን ሴት ሰው ሁሉ «እትዬ መርፌ» ይላታል። ቀጭን ናት፤ ምላሷም ይዋጋል። እሷ አፏን ይዛ ከረመች ቢባል ማን ያምናል? ግን ከረመች።

ነገሩ የቤት ነገር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያስታመመቻት አክስቷ ስትሞት ሁለት ክፍል ቤት ተናዘዘችላት። የስፌት መኪናዋም ኑሮዋም እዚያው ነው። የአክስቷ የእንጀራ ልጅ «ኑዛዜው ይፍረስ» ብሎ ከሰሳት፤ ክርክሩ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ሲል ሲል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እዚያ ደግሞ ከሰባቱ ዳኞች አንዱ ጡረታ ወጥተው ስድስት ቀርተዋል። ድምፅ ሰጡ፤ ሦስቱ ለእሷ፣ ሦስቱ ለእሱ። «ሰባተኛው እስኪሾም ይቆይ» ተባለ።

ይቆይ ማለት ለእነሱ ቀላል ነው! የዳኞች ጉባኤ አንድ ረጅም ሰውዬ አጨ፤ እትዬ መርፌ ካባውን ሰፋች፤ ምክር ቤቱ ግን ሰውዬውን አላጸድቅም አለ። ካባው ስምንት ወር ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሎ ዓይን ዓይኗን ሲያያት ከረመ። በመጨረሻ አንዲት አጭር ሴትዮ ታጭተው ሹመታቸው ጸደቀ። ካባውን በልካቸው እንድታሳጥር ተጠራች።

«እማዬ፣» አለቻት ልጇ፣ «ስትለኪያቸው አንድ ቃል ጣል ብታደርጊ ምን አለበት?»

«ባለጉዳይ አናግረዋል ተብለው ሴትዮዋ ከችሎቱ እንዲነሱልኝ ነው? አርፈሽ ተቀመጪ!»

ተንበርክካ የካባውን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። ዳኛዋ ደግ ሰው ናቸው፤ ጨዋታ ብለው፣ «ቤትዎ ሩቅ ነው?» አሏት።

ቤት! ጉዷ ሁሉ ምላሷ ላይ መጣ። ቶሎ ብላ ስድስት ስፒል ከንፈሯ መሃል ደረደረችና «እም» ብቻ አለች።

አዲስ ዳኛ ስለገባ ክርክሩ እንደገና ከሥሩ ተሰማ። ደንባቸው ታናሹ ቀድሞ፣ ታላቁ መጨረሻ ድምፅ እንዲሰጥ ነው፤ ታናሽ የታላቁን ፊት እያየ እንዳይከተል።

የፍርዱ ቀን እናትና ልጅ ከኋላ ወንበር ተያይዘው ተቀመጡ። ውሳኔው ተነበበ፤ አራት ለሦስት፣ ኑዛዜው ጸንቷል። እሰይ! እልልታ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ አፈነች። ቀጥሎ በድምፅ የተሸነፉት የሦስቱ ሐሳብ ተነበበ፤ ያነበቡት አዲሷ ዳኛ ናቸው፣ እሷ ያሳጠረችውን ካባ ለብሰው። ኑዛዜው መፍረስ ነበረበት ይላሉ! ያዳኗት ለካ ትልቁ ሽማግሌ ዳኛ ናቸው፤ መጀመሪያ ተቃውመዋት የነበሩት፣ ሁለተኛ ሲሰሙ «ተሳስቻለሁ» ብለው ዞሩ።

«እኚህን ነው ለምኚ ያልኩሽ?» አለች ልጇ በሹክሹክታ። እትዬ መርፌ ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት።

በሳምንቱ ዳኛዋ የካባው እጅጌ ረዝሞባቸው አስጠሯት። ባዩዋት ጊዜ የፍርዱ ቀን ከኋላ ወንበር የነበረችው ባለጉዳይ እሷ መሆኗ ገባቸውና ሊሸሹ ፈቀቅ አሉ።

«ይቁሙልኝ እንጂ እሜቴ፣» አለች ክንዳቸውን ይዛ። ስፒሎቹን ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጠቻቸው። «ያኔ ጠይቀውኝ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ቤቴ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ቅርብ ነው።»