ለመርዶ የታዘዘ መኪና

ሰው ተቀብዬ የሚሄድበት ማድረስ እንጀራዬ ነው። ዴንቨር ኤርፖርት፣ ሻንጣ መረከቢያው አጠገብ፣ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይዞ የሚቆም ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው አይታችሁ ከሆነ ወይ እኔ ነኝ ወይ የእኔ ቢጤ ነው። ብዙ ዓመት ታክሲ ነዳሁ፤ ከዚያ በቀጠሮ ብቻ ወደሚታዘዝ የግል መኪና ገባሁ። እዚህ ሥራ ላይ የተማርኩት ትልቁ ነገር ዝም ማለት ነው። የቀጠሮ መኪና የሚያዝ ሰው ሰላምታ ተሰጥቶት፣ ሻንጣው ተጭኖለት፣ በሩ ተዘግቶለት፣ ከዚያ ማንም ሳያናግረው መሄድ ይፈልጋል። እኔ በተፈጥሮዬ ለፍላፊ ነኝ፤ ባለቤቴ ትመስክር። ዝምታን እንደ ሙያ እስክለምድ ድረስ አበሳዬን አይቻለሁ። ከለመድኩት በኋላ ግን ዝምታ ለማንኛውም ሰው ክብር ነው ብዬ አመንኩ።

ዴንቨር አጠገብ፣ ግሌንዴል ስንኖር ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤት ነበረችን። በኋላ እነሱም እኛም ወደ አጎራባቿ ከተማ ወደ ኦሮራ ወጣን፤ ዝምድናው ግን አልተቋረጠም። ልጆቼን ሥራ ስንገባ የምትጠብቅልን እሷ ነበረች፤ የእሷን አንድ ልጅ ደግሞ እኔ ነበርኩ ትምህርት ቤት የማደርሰው። ሥራዋ ሰው መንከባከብ ነው። ዴንቨር ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ባለፈው የበረዶ ወራት የአሮጊቷ ልጆች እናታቸውን በመርከብ ሊያዝናኑ ፈለጉና እሷም አብራ እንድትሄድ ጠየቋት። መርከቡ የሚነሣው ቴክሳስ ካለችው ከጋልቨስተን ወደብ ነው። ልትሄድ ስትል "አሮጊቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ባሕር ላይ ልንሸራሸር ነው" እያለች በራሷ ትስቅ ነበር።

መርከቡ ባሕር ላይ እያለ ታላቅ እህቷ ደብረ ብርሃን ላይ አረፈች። ይህች እህት እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት ናት። ሳትታመም፣ ሳትተኛ፣ በድንገት። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለልጇ ነው። ልጅቷ አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ይዛለች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።

"አንክል፣ አክስቴ ሞተች" አለችኝ በስልክ። "ለማሚ ልደውልላት ነው። መርከቡ ላይ ኮል ማድረግ ይቻላል።"

"እንዳትደውዪ!" ብዬ ጮኽኩባት። እንደዚያ መጮኼ አሁንም ይቆጨኛል፤ የሞተባት እኮ አክስቷ ናት።

በማግሥቱ እነሱ ቤት ተሰበሰብን። ከአገር ቤት ጀምሮ የሚያውቋት አንድ ሽማግሌ አሉ፤ የሰፈራችን መርዶ ሁሉ በእሳቸው አፍ ነው የሚነገረው። ተቀምጠው ልጅቷን አዳመጧት።

"እናቴ ሳታውቅ እየሳቀች ፎቶ ትነሣለች፣ ኦኬ? በኋላ ስታውቅ ምን ይሰማታል?" አለች ልጅቷ። "ማወቅ ራይቷ ነው።"

"ልክ ነሽ ልጄ፣ መብቷ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ማግኘትም መብቷ ነው። ውሃ ላይ ነግረናት ማን ይደግፋታል? ያቺ አሮጊት?"

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የተስማማች መሰለን። አገር ቤት ላሉት ዘመዶች ሁሉ ተደወለ፤ ማንም እንዳይደውልላት፣ ማንም መልእክት እንዳይጽፍላት፣ የሟቿን ፎቶ ከሻማ ጋር የለጠፈ ሁሉ እንዲያነሣ ተለመነ።

የቀረው ጭንቀት መንገዱ ነበር። አሮጊቷና ልጆቿ ከመርከብ ሲወርዱ እዚያው ጋልቨስተን ዘመድ ቤት ይሰነብታሉ። እሷ ብቻዋን በአውቶቡስ ሂውስተን ኤርፖርት ሄዳ ወደ ዴንቨር ትበራለች። ሂውስተን ደግሞ ሐበሻ የሞላበት ከተማ ነው። አውቶቡሱ ላይ ወይም ኤርፖርቱ በር ላይ አንድ የሚያውቃት ሰው "እግዜር ያጽናሽ" ቢላትስ? እኔ ዓይኔ እያየ አንዲት ሴት ዴንቨር ኤርፖርት ባቡር ውስጥ እንደዚያ ሰምታ ወለሉ ላይ ስትዘረጋ ደርሼባታለሁ። ይህ በእሷ ላይ እንዳይደርስ ነበር የሁላችንም ሐሳብ፤ ባዕድ አገር፣ ባዕድ ሰው መሃል፣ ብቻዋን እንዳትሰማ።

"ከወደቡ ጀምሮ የሚይዛት የራሷ መኪና ያስፈልጋል" አሉ ሽማግሌው፤ ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ።

እኔም ሙያዬ ተፈለገ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ዱሮ ዴንቨር አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ፣ በረዶው ሲያንገሸግሸው ሂውስተን የገባ ጓደኛ አለኝ፤ እሱም አሁን የግል መኪና ነው የሚይዘው። ደወልኩለት። የመርከቡን ስም፣ የሚቆምበትን ተርሚናል፣ መንገደኛው የሚወርድበትን ሰዓት ሰጠሁት። ከመርከብ የሚወርድ ሰው እንደ አውሮፕላን መንገደኛ አንድ ላይ አይፈስም፤ በተራ ነው የሚለቀቁት፤ ስለዚህ ቀደም ብለህ ቁም፣ ስሟን በትልቁ ጻፍ፣ ሻንጣዋን እሷ እንዳትነካ አልኩት። ለፕሬዚዳንት የማዝ ነበር የምመስለው።

"እሺ፣ ምን ልበላት?" አለኝ።

"ምንም።"

"እንዴት ምንም? ሐበሻ ናት እኮ!"

"ለዚህ ነዋ! አንተ ሆደ ቡቡ ነህ። አንድ ነገር ከጀመርክ ታለቅሳለህ። ደንበኛ ናት ብለህ አስብ። ጥቁር መነጽርህን አድርግ፣ በሩን ክፈትላት፣ ንዳ። ዝም አይነቅዝም።"

"ምን ያህል መንገድ እንደሆነ ታውቃለህ?" አለ። ቢሆንም እሺ አለ፤ ማለልኝም። ልጅቷ ለእናቷ አጭር መልእክት ላከች፤ አንክል መኪና ልኮልሻል፣ አውቶቡስ እንዳትጠብቂ የሚል።

የምትወርድበት ቀን ጠዋት ጓደኛዬ "አሳፈርኳት" ብሎ ጻፈልኝ። ቀትር አካባቢ ደወለ።

"አደረስኳት" አለ። ድምፁ ሻክሯል። "አንድ ቃል አልወጣኝም።"

"ጎበዝ!" አልኩት። ሌላም ሊል የፈለገ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ቸኩዬ ዘጋሁበት።

ዴንቨር ራሴ ተቀበልኳት። ፀሐይ ፊቷን አጥቁሮታል፤ አንገቷ ላይ ከመርከብ የተገዛ ቀጭን ሻርፕ ጠምጥማለች። ሳቅፋት ቶሎ አልለቀቀችኝም። የልጆቼን ደኅንነት ጠየቀችኝ። የሥራዬን ጠየቀችኝ። ስለ አገር ቤት ግን ምንም አልጠየቀችም፤ ይሄ ያኔ ሊከነክነኝ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን እግዜር ረዳኝ ብዬ ተነፈስኩ። ከኤርፖርቱ የሚያስወጣው መንገድ፣ ፔኛ ቡልቫርድ ላይ ስንወጣ ተራሮቹ በረዷቸውን ለብሰው ፊት ለፊታችን ነበሩ፤ እሷ በጎን መስኮት ሜዳውን ታያለች። አፌ እንዳያሳፍረኝ ሬዲዮኑንም ራሴንም ዘጋሁ። ጋልቨስተን የተጀመረውን ዝምታ እኔ ተረክቤ ኦሮራ ቤቷ አደረስኩት።

የመጣው ሰው መኪናውን ከጎረቤት ሕንፃ ጀርባ እንዲያቆም ተነግሮት ነበር፤ ብዙ መኪና ካየች ትጠረጥራለች ብለን። መርዶ በጠዋት ነው፣ ነግቶ ጠዋት እስኪሆን ሳትጠብቁ ለምን በከሰዓት አላችሁ ብሎ የተከራከረ ነበር። ጠዋትማ ግማሹ ሰው ሥራ ነው፤ አሜሪካ መርዶንም በሺፍት ነው የምታስተናግደው።

በሩን ራሷ በቁልፏ ከፈተችው። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ቆሟል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ልጇ ከሁሉም ፊት ነበረች። እናትየው ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና አንገቷን አቀርቅራ ቆመች።

"ልጄ፣ የሰው ልጅ እንግዳ ነው" ብለው ጀመሩ ሽማግሌው። ስለ ፈጣሪ ፈቃድ ተናገሩ፤ ማንም እንደማይቀር ተናገሩ፤ ከዚያ "እህትሽ አርፋለች" አሉ። እስኪጨርሱ ድረስ አላቋረጠቻቸውም። ከዚያ ጮኸች። ሴቶቹ ያዟት፤ ልጇ ከወገቧ ያዘቻት። እኔ ግድግዳ ተደግፌ እያለቀስኩ፣ ከለቅሶዬ ሥር ግን፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዳሰብነው ሆነ። በሰው እጅ ላይ ወደቀች።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ሰው ቀለል ሲል ከሰዓት ላይ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፍራሽ ላይ ናት፤ ጥቁር ለብሳለች። ልጇ ወጥ ቤት ሳህን ታነሣለች። ለማጽናናት ያለኝን ሁሉ ስፈልግ ያገኘሁት ይህንን ነበር።

"መቼም እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት። "ባሕር ላይ፣ ባዕድ መሃል፣ ብቻሽን አልሰማሽውም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለበትም አስተያየቷ፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

"አውቄው ነበር እኮ ወንድሜ" አለች።

"ምኑን?"

"ከወደቡ ጀምሮ።" አለች። "ስልኬን ስከፍተው ከመኪናው መልእክት በቀር ምንም የለም። ሳምንት ጠፍቼ! የእኔ ዘመዶች አንድ ቀን ዝም ካልኳቸው 'ከበርሽብን' ብለው የሚወርዱብኝ ሰዎች ናቸው። ኔትወርክ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ያ ልጅ ስሜን ይዞ ቆሟል። ሐበሻ ነው። ደስ ብሎኝ 'እንደምን አደርክ' አልኩት። አንገቱን ሰብሮ ሻንጣዬን ወሰደ። አንተ፣ ሐበሻ ሾፌር አታውቅም? አገርሽ የት ነው፣ ማንን ታውቂያለሽ፣ መርከቡ እንዴት ነበር ሳይል መኪና የሚያስነሣ ሐበሻ አይተህ ታውቃለህ?"

አላውቅም። ራሴን ጨምሮ አላውቅም።

"ባሕሩ ላይ ያለውን ረጅም ድልድይ ስንሻገር በመስታወት አየኝ። ሳየው ፊቱን አሸሸ። ሰው ሞቶብኛል አልኩ። ማነው ብዬ አንድ በአንድ በልቤ ጠራኋቸው። ልጄ ጽፋልኛለች፤ እሷ አይደለችም። ወንድሜን ጠረጠርኩ። ቆይቼ እህቴ ትዝ አለችኝ። እሷ ብትኖር ማንም ዝም ቢል እሷ ዝም አትልም፤ 'ዓሣ ሳይበላሽ ወጣሽ ወይ?' የሚል ድምፅ አስቀምጣልኝ አገኝ ነበር። እዚያ ላይ አለቀልኝ።"

"ለምን አልጠየቅሽውም?"

"ምን ብዬ? ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር። እንዳስማላችሁት ገባኝ። መሐላውን ላስፈርሰው?" ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። "ከኋላው ቁጭ ብዬ ሻርፔን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። እሱም ያለቅስ ነበር መሰለኝ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አውሮፕላን ላይ ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ። አንተ ስትቀበለኝ ደግሞ፣ ያ ወሬኛ አፍህ ተዘግቶ ሳየው፣ እርግጥ መሆኑን አወቅኩ።"

"ታዲያ ቤት ስትገቢ..."

"ሁላችሁም ተሰብስባችሁ፣ ሥራ ትታችሁ፣ ሽማግሌው በዚያ ጉልበታቸው ቆመው፣ አውቄዋለሁ ልበል?" ራሷን ነቀነቀች። "ስትነግሩኝ ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ እግዜር ይስጣችሁ። ሳውቀው ግን ማንም አልነበረኝም።"

አፈርኩ። ፈርተን የሸሸነው ነገር ላይ፣ ሰሌዳ አስይዤ፣ በር አስከፍቼ፣ በገዛ እጄ ነው ያደረስኳት። ያንን ሁሉ መንገድ ጓደኛዬ አፉን ቢከፍትና አብሯት ቢያለቅስ ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው ይኖራት ነበር። ይህንን ልላት ፈለግሁ፤ የቀጠሮ መኪና ነጂው እኔ ዝምታዬ ብቻ ቀረኝ።

ልጅቷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። "አልኳቸው እኮ ማሚ" አለች፤ እንባዋ መጣ። "ልደውል ብዬ ነበር። አልኳቸው።"

"ብትደውዪልኝስ?" አለች እናቷ በለሆሳስ። "አሮጊቷን እያበላሁ፣ ማንኪያ በእጄ ይዤ፣ ነግረሽኝ ስትዘጊው ምን እሆን ነበር?"

እናትየው እጇን ዘርግታ ልጇን ወደ ራሷ ጠራቻት።

"ወንድሜ ገና አለ። እሱም አርጅቷል። የእሱ ቀን ሲመጣ መኪና አትላኩብኝ። አንቺ ደውይልኝ።" አለች። "ነግረሽኝ ግን እንዳትዘጊው። የትም ልሁን የት፣ ምንም ባናወራም፣ ቤት እስክገባ ድረስ ስልኩን እንዳትዘጊብኝ።"

"ኦኬ ማሚ" አለች ልጅቷ። ሳህኖቹን እንደታቀፈች ፍራሹ ላይ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ አለች።