ጃዊው አባቴ እና የጋቢናው ወንበር

ይቺን ስሙኝ። ሥራ ካላችሁ አቁሙና ስሙኝ፤ ሥራ ከሌላችሁማ ምን ሰበብ አላችሁ።

አባቴ ማላይ ነው። ማላይ የት ነው ለሚል፣ ከጅቡቲ መርከብ ተሳፍራችሁ፣ ህንድን አልፋችሁ፣ ስትሄዱ ስትሄዱ መሄዱ ሲሰለቻችሁ የምትደርሱበት አገር ነው። እኔ አላየሁትም። እኔ የማውቀው ኮልፌን ነው። ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ሀ ሁን ይዤ መሀል መንገድ ላይ ቀረሁ፤ አጻጻፌን አርማለሁ የሚል ካለ በሩን የዘጋውን ሄዶ ይረም።

አባቴ በወጣትነቱ ለሐጅ መካ ሄደ። ከዚያ የመርከብ ወጥ ቤት ሆነ፣ ጅቡቲ ወረደ፣ በባቡር አዲስ አበባ ገባ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ እናቴ በኮባ የተጠቀለለ ዳቦ ስትሸጥ አየ። እናቴ ጉራጌ ናት። እሱ ኮባውን የአገሩ የሙዝ ቅጠል መሰለውና ዳቦውን ትቶ ስለ ቅጠሉ ጠየቃት። ቅጠል የሚጠይቅ ሰው አይታ ስለማታውቅ ሳቀች። የመጣነው ከዚያ ሳቅ ነው።

መካ ላይ የማላይን ሰው ሁሉ ጃዊ ነው የሚሉት። ኮልፌ መጥቶ «የየት አገር ሰው ነህ?» ቢሉት «ጃዊ» አለ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ደግሞ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ጎጃም ውስጥ ጃዊ የሚባል አገር አለ። «የአገሬ ልጅ» ብለው አንድ ቅል ማር ላኩለት። ስህተቱን ሊያስረዳ ሲሄድ ማሩ አልቋል። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ጃዊው አለው፣ እኔንም የጃዊው ልጅ። እኛ ቤት ግን ባፓ ነው የምንለው፤ በቋንቋው አባባ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ኮልፌ

ሰኔ ነው። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ባለፈው ሳምንት ጣሊያንና እንግሊዝ ተጣሉ ተባለ፤ እኛ ምን አገባን ብለን ነበር። ከዚያ የሰፈራችንን ህንዳዊ ልብስ ሰፊ «የእንግሊዝ ዜጋ ነህ» ብለው የጀመረውን ሱሪ ሳይጨርስ ወሰዱት። ባለ ሱሪው እስከዛሬ አንድ እግር ይዞ ይዞራል። እናቴ ይህን እንደሰማች የማላይን አገር የሚገዛው ማን እንደሆነ ትዝ አላት። እንግሊዝ ነው። አባቴ ደግሞ አምቦ አካባቢ፣ የመንገድ ሥራ ካምቦ ውስጥ ለጣሊያኖች ያበስላል።

«ሂድና አምጣልኝ» አለችኝ።

«እዚያ ጃዊ ነው የሚሉት፤ ጎጃሜ ነው ብለው መዝግበውታል። ምን ይነኩታል?»

«እሱ ዝም ካለማ አይነኩትም። አባትህ ተጠይቆ ዝም ሲል አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ካምቦው ውስጥ የውጭ አገር ሰው የሆነ ሠራተኛ ቤት ውስጥ ይተኛል፣ ፉርኖ ይበላል፣ ሲሄድም ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል። አገሬው ድንኳን ውስጥ ያድራል፣ ዱቄት ይሰፈርለታል፣ ሲሄድም ጭነት ላይ ነው። አባቴ ሥራ ሲገባ «የውጭ ሰው ነኝ» አለ። «ከየት?» ሲሉት «ጃዊ» አለ። ይርዳው የሚባል ጎጃሜ አስተርጓሚ ሳቀና ለካፖው፣ ለጣሊያኑ የሥራ አለቃ፣ «ጃዊማ የኛ አገር ነው፤ ይሄ አገሬው ነው» ብሎ ነገረው። አለቀ። አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይርዳውን ባገኘው ቁጥር ጃዊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳዋል። ውሃ ሲቀዳ ያስረዳዋል፣ ሽንኩርት ሲልጥ ያስረዳዋል። አሁን የሚያድነው ያ የጠላው ስህተት ነው፣ እሱ ግን ስህተት ማረም ይወዳል።

እናቴ ዳቦ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሾፌሩ ቤፔ ይባላል፤ ወደ ካምቦው ሲሚንቶ የሚያመላልስ ጣሊያን ነው። አባቴ በርበሬ ነስንሶ የሚሠራለትን ፓስታ ስለሚወድ እኔን አይከለክለኝም። በአውራ ጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ። ሲሚንቶው ላይ ወጣሁ። ጋቢናው ውስጥ ከሱ በቀር ማንም የለም።

ረፋድ፣ ገፈርሳ

የአስኮን ባሕር ዛፍ በስተቀኝ ትተን ሽቅብ ወጣን። ገፈርሳ ኬላ ላይ አንድ ነጭ ወታደርና አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ ቆመዋል። አስካሪው ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ፣ ፊትህ የምንድነው?»

«ፊቴ የአባቴ ነው፣ አፌ የእናቴ።»

«አገርህን ነው የጠየቅኩህ።»

«ኮልፌ። እዚህ ታች፣ ዞር ብትል ይታይሃል።»

ዞር አለ፣ የሞኝ ነገር። ከዚያ ገባውና ዱላውን አነሳ፤ ካሚዮኑ ግን ማርሽ አስገብቶ ተንቀሳቅሷል።

ቀትር፣ ሆለታ

ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ላሙ ሁሉ የጠገበ። አንዲት ሴትዮ ወተት በጣሳ ይዘው ወደ መንገዱ ወጡ። ቤፔ ሊሬ ሲዘረጋ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ፤ «ይሄ ወረቀት ነው፣ ልጄ። ጠገራ ብር የለህም?» የለውም። እኔ ጨው ነበረኝ፤ ጨው ሰጥቼ ጠጣሁ። ቤፔ ከታች ሆኖ ስጠጣ አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ወተት አልጠጣሁም።

ከአዲስ ዓለም ወዲያ ቤፔ መዝፈን አቆመ። ጫካው የነሱ አይደለም፤ ቀን መንገዱ የጣሊያን ነው፣ ከመንገዱ አንድ እርምጃ ወጣ ካልክ ግን የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኔ ጭነት ላይ ተጋድሜ አፏጭ ነበር። ጊንጪ ላይ ጥቁሩ ጭቃ ያዘን፤ እኔ ገፋሁ፣ ቤፔ ተሳደበ፣ ወጣን።

ማክሰኞ አመሻሽ፣ ካምቦው

አባቴን ድስቱ ላይ አገኘሁት። ከስቷል፣ ያስለዋል። እንዳየኝ ጭልፋውን አስቀመጠ።

«እናትህ ደህና ነው?»

ይሄ እንዳይገርማችሁ። በአባቴ ቋንቋ ወንድና ሴት በንግግር አይለይም፤ እሱም አማርኛ ሲናገር ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋታል። እኛ ለምደነዋል።

«ደህና ናት። ባፓ፣ እንግሊዝ የሚገዛውን አገር ሰው እየለቀሙ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለቱን የኤደን ዓረቦች ዛሬ ያዟቸው። ነገ ጠዋት ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣው መኮንን ሁላችንንም ይጠይቃል።»

«ሲጠይቅህ አንድ ቃል ብቻ። ጃዊ። ከዚያ አፍህን ዝጋ።»

«ጃዊ ማለት ግን…»

«ማለቱን ተወው።»

«ውሸት ልታስተምረኝ ነው የመጣኸው?»

«የቱ ጋ ነው ውሸቱ? ጃዊ አይደለህም? እውነቱን ንገራቸው፣ ትርጉሙን እነሱ ይፈልጉ።»

ዳቦውን ፈትቶ ማሽተት ጀመረ። ዳቦውን አይደለም፣ ኮባውን። «አፍህን ዝጋ ያለ እናትህ ነው?»

«እሷ ናት ያለችው።»

«እናትህ ጎበዝ ነው» አለና ቅጠሉን አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተው።

ረቡዕ ጠዋት

መኮንኑ ድንኳን ደጃፍ ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል። ካፖው በጎኑ፣ ይርዳው ከኋላው። የኤደኖቹ ዓረቦች ታስረው አንድ ካሚዮን ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ሽርጡን ሳይፈታ ቀረበ፤ እኔ ልደግፈው ነው ብዬ አጠገቡ ቆምኩ።

«አገርህ?» አለ ይርዳው።

«ጃዊ።»

መኮንኑ ቀና ብሎ የአባቴን ፊት አየ፣ ደግሞ አየ። ለይርዳው የሆነ ነገር አለው።

«ጎጃም ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዓይን አለ ወይ ይልሃል» አለ ይርዳው።

አባቴ «ጃዊ ማለት…» ብሎ ጀመረ። እግሩን ረገጥኩት፣ ደህና አድርጌ።

«ጃዊ ወዴት ነው ይልሃል።»

አባቴ አሰበ። መዋሸት አይችልም፤ ዝም ማለት ደግሞ ያመዋል። «ውሃ ተሻግሮ» አለ። «ትልቅ ውሃ።»

መኮንኑ ይርዳው ሲተረጉምለት ፊቱ በራ። «ኒሎ?» አለ። አባይን ማለቱ ነው። ካርታ የሚያውቅ ሰው አባይን ተሻግሮ ጎጃም መሆኑን ያውቃላ። አባቴ ባሕሩን ነበር የሚለው። ላርመው ብሎ አፉን ከፈተ፤ እግሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ። አፉን መልሶ ገጠመ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

መኮንኑ አልለቀቀም። ይርዳውን ራሱን ጠየቀው፤ አንተ የዚያ አገር ሰው አይደለህም ወይ፣ እውነት ያገርህ ሰው ነው? ይርዳው አባቴን አየው። ያን ሁሉ ዓመት የሳቀበት ሰው ነው። አሁን «አይደለም» ቢል ካፖው «ታዲያ ያኔ ለምን አገሬው ነው ብለህ ነገርከኝ?» ይለዋል። ይህን ሲያሰላ ፊቱ ላይ አየሁት። ሌላም ነገር አስቦ ይሆናል፤ እሱን አላውቅለትም።

«ሲኞሬ፣ ድሮም ነግሬአለሁ። ጎጃሜ ነው።»

«ሚስት እንዳለው ጠይቀው» አለ መኮንኑ።

«ሚስቴ ኮልፌ ነው» አለ አባቴ። «ደህና ነው፤ እየጠበቀኝ ነው።»

ይርዳው ከንፈሩን ነከሰ። ጎንበስ ብሎ ምን እንደተረጎመለት አልሰማሁም፤ ብቻ መኮንኑ እጁን አወዛወዘ። ካፖውም ሳሉን ሰምቶ «ይሄ ድስት ላይ ሊያስልብን ነው፣ ቤቱ ሄዶ ይዳን» አለ። ነጻ ወጣን።

እቃውን ስንሸክፍ ይርዳው መጣ። «አያ ጃዊ» አለ፣ «አገር ቤት ሲገቡ ሰላም በሉልኝ።» አንቱ ሲለው የመጀመሪያው ነው።

አባቴ አሁን እግሩ ነጻ ነው። «አቶ ይርዳው፣ ጃዊ ማለት ጎጃም አይደለም። መካ ላይ…»

«አውቃለሁ» አለው። «ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። ጅቡቲ ሠርቻለሁ፤ የእርስዎን አገር ሰዎች እዚያ አይቻለሁ።»

አባቴ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ልደበድበው ነበር፣ እጄን የያዘኝ አባቴ ነው። እስኪ ንገሩኝ፣ አባቴን አሁን ስላዳነው ላመስግነው፣ ወይስ ያን ሁሉ ክረምት እያወቀ ድንኳን ውስጥ ስላሳደረው ጥርሱን ላውልቀው? አላመሰገንኩትም። አልመታሁትም። እስከዛሬ አንዱ ይቆጨኛል፤ የቱ እንደሆነ ቀኑ ይወስነዋል።

ሐሙስ፣ የመልስ መንገድ

ካሚዮኑ ባዶ በርሜል ጭኗል። ጊንጪ ላይ ዝናቡ እንደ ግድግዳ ወረደ፣ አባቴም ሳል ያዘውና አልለቀው አለ። ቤፔ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን ከፈተ። «ቆኮ፣ ና ግባ» አለው። ወጥ ቤቱን እንዲያ ነው የሚጠራው። «በዚህ ዝናብ ማን ያያል።»

አባቴ ጋቢና ገባ። ያን ሁሉ ዓመት የጠየቀው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ በርሜሎቹ መሀል ሆኜ በኋላው መስታወት ቆቡን አያለሁ። ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው። ስለ ጃዊ ለቤፔ እያስረዳው መሆኑን ከእጁ አወቅኩ። ብበሰብስም ደስ አለኝ፤ ሆለታን ሳልፍ እየዘፈንኩ ነበር።

ገፈርሳ ኬላ ስንደርስ ዝናቡ አላባራም፤ ያው አስካሪ ቆሟል። ነጩ ወታደር የጋቢናውን በር ከፈተና ቆመ። አስካሪው ተረጎመ፦

«ይሄ ማነው? አገሬው ከሆነ ጋቢና ምን ይሠራል? የውጭ ሰው ከሆነ ደግሞ የየት አገር ነው?»

ቤፔ መሪውን ያያል። እኔ ከላይ ሆኜ አሰላሁ። የውጭ ነው ብል ይወስዱታል፤ አገሬው ነው ብል ያወርዱታል።

አባቴ ማንንም አልጠበቀም። አንድ እግሩን አወረደ፣ ጉልበቱን ይዞ ሌላውን አወረደ፣ ጭቃው ላይ ቆመ።

«ጃዊ» አለ።

ከዚያ ወደ ላይ እጁን ዘረጋልኝ። ጎትቼ አወጣሁት። በርሜሉ ላይ ተቀምጦ ከኮቱ ውስጥ ያን ኮባ አውጥቶ ዘረጋና ራሱ ላይ ደፋው። አስካሪው ሳቀ። አባቴ አላየውም። ቁልቁል ወደ ኮልፌ ስንወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ወንበሩ ጥሩ ናት» አለኝ። «ሙቅ ናት።»

ሐሙስ ማታ፣ ኮልፌ

እናቴ በር ላይ ቆማለች። እትዬ ጥሩዬም የአገራቸውን ልጅ ሊቀበሉ ወጥተዋል። እናቴ ኮባውን ከራሱ ላይ አነሳች፣ ፊቱን በነጠላዋ ጠረገች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ተናገረ?»

«አንድ ቃል።»

«አንድ ብቻ?»

«ሁለቴ።»

ሳሉ እስከ መስከረም አልለቀቀውም። ይህን የምጽፈው ጣሊያን ከሄደ በኋላ ነው፤ መኮንኑም ካፖውም ሄደዋል። እነይርዳው ግን እዚሁ ናቸው፣ በየቢሮው ጠረጴዛ ይዘው ትናንት ለእነዚያ እንደተረጎሙት ዛሬ ለነዚህ ይተረጉማሉ። እንግዲህ እናንተን፣ ተርጓሚዎቹን፣ ነው የምጠይቀው። ለፉርኖና ለወንበር ሲሆን ጎጃሜ ነው አላችሁት፤ ለእስር ሲሆን እንግሊዝ ሊሆን አንድ ቃል ነበር የቀረው። ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ታውቁ ነበር። ታዲያ ገፈርሳ ላይ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድበት የየትኛው አገር ሰው አድርጋችሁት ነው?