በክትባቱ ፍሪጅ ላይ የሳትኩት ቁጥር

ወረቀቱን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ከበቆጂ ወጣ ብሎ ባለ ትንሽ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍሉን የያዙት ሲስተር የፍሪጁን ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ በሩ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጽፉ ነበር። አሰላ የሠራሁትን፣ ሙቀቱን በስክሪን የሚያሳይና ሲዛባ የሚጮህ መቆጣጠሪያ ስተክልላቸው «ሲስተር፣ ከእንግዲህ አይድከሙ፣ ስክሪኑን ማየት ይበቃል» አልኳቸው። ልቤ አብጦ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ደወሉ። «ልጄ፣ ስክሪኑ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አራት ዲግሪ ነው የሚለው። ፈቀቅ አይልም።»

ስደርስ እናቶች ሕፃናት አዝለው ውጭ ተሰልፈዋል። የመቆጣጠሪያው ቦርድ ስታክ አድርጓል፣ ማንቂያውም አልጮኸም። ፍሪጁ ውስጥ የቀረው የድሮ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች ሁለት ይላል። ውስጡ ያለው ክትባት ደግሞ በረዶ ከመታው አይሠራም።

ሲስተር ለማነጻጸሪያ ሆን ብለው በረዶ አስመትተው ያቀለጡትን ብልቃጥ ከተጠረጠረው ጋር ነቀነቁና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆሙ። ዝቃጫቸው እኩል ከወረደ የተጠረጠረውንም በረዶ መትቶታል ማለት ነው፣ ሁሉም ይጣላል። እስከ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል።

እኔ መጠበቅ አይሆንልኝም። ላፕቶፔን አገናኝቼ ዲቫይስ ትሪውን፣ ቦርዱ ላይ ምን እንዳለ ለሊኑክስ የሚነግረውን ፋይል፣ ከፈትኩ። ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚመጥነው ሬጉሌተር ቮልቴጅ የሚያሳድገው በማይክሮ ሰከንድ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃያ አምስት ማይክሮ ቮልት ነው። እኔ ከሌላ ቦርድ ፋይል ገልብጬ አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብያለሁ፣ አራት እጥፍ። ሊኑክስም አምኖኝ ቮልቴጁ ሳይደርስ ፕሮሰሰሩን ያስሮጠዋል። አሰላ ቤቴ ውስጥ በዕድል ሠራ፤ የበቆጂን ብርድ ግን አልቻለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልነበረኝ።

«አገኘሁት፣ አንድ ቁጥር ነው» አልኩ።

«ቆይ፣ ልጄ።» ዓይናቸውን ከብልቃጦቹ ላይ አልነቀሉም።

ዝቃጮቹ እኩል ወረዱ።

ሲስተር ወጥተው ዛሬ ክትባት እንደሌለ፣ ጥፋቱም የእሳቸው እንደሆነ ለእናቶቹ በኦሮምኛ ነገሯቸው። አሰላ ነው ያደግኩት፣ አንድ ቃል አላመለጠኝም። አንዷ ሳይነጋ ከቤቷ እንደወጣች ተናገረች። ወጥቼ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ፣ ግን አልወጣሁም። ቁጥሩን ሳስተካክል ቆየሁ።

ሲስተር ተመልሰው ፍሪጁ ላይ አዲስ ወረቀት ለጠፉና እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

«የዛሬውን አንተ ጻፍ» አሉ።

ከዜሮ በታች ሁለት ብዬ ጻፍኩ።