ሐረጉ የሚጀምርበት ቦታ

ሐረግ የምለው በፎቶሾፕ የምሥላቸውን ጥምዝምዝ ጌጦች ነው። ሌላው ዲዛይነር ምን እንደሚላቸው አላውቅም፤ ለእኔ ግን በልጅነቴ በብራና መጽሐፍ ገጾች ራስ ላይ ያየኋቸው ሐረጎች ናቸው። ብዕር የሚመስለውን መሣሪያ ትመርጣለህ፣ አንድ ነጥብ ትተክላለህ፣ ሁለተኛውን ስትተክል ጣትህን ከማውሱ ሳታነሳ ትጎትታለህ፤ መስመሩ ወገቡን ይሰብቃል። ብዙ ከጎተትክ ይንዘላዘላል፣ ከሰሰትክ ይደርቃል። ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ በነበረች አንዲት ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ በዚህ ጥበቤ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር። ከተማዋ ገና ከጦርነቱ ፍርስራሽ እየተነሳች ነው፤ ፊት ለፊታችን ያለው ቤት ጣሪያ የለውም፣ የእኛም ግድግዳ በጥይት የተበሳሳ ነው። እኔ ግን ለሠርግ ጥሪውም፣ ለሥጋ ቤት ማስታወቂያውም፣ ለትምህርት ቤት ምስክር ወረቀቱም ማዕዘን ላይ ሐረግ ካልጎነጎንኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደንበኞች "ይሄ ቅጠል ምንድነው? አንሳልን" ይሉኛል። አኩርፌ አነሳለሁ።

ሶማልኛ የለመድኩት እዚያው ሥራ ላይ ነው፤ ስለዚህ የማውቀው የማተሚያ ቤት ሶማልኛ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ከያዝኳቸው ቃላት አንዱ "ፋር" ነው። ፋር ጽሑፍ፣ ፋርታ ደግሞ ጽሑፉ ማለት ነው፤ ፋርታ ትጉላ፣ ፋርታ ትድመቅ ሲሉኝ ይውላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ፋራ እያሉ የሚሰድቡኝ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ሲያስረዳኝ ተሳሳቅን፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን ጨርሼ ያወቅሁት መሰለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ፎቶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ31 ሜይ ሰፈር መጡ። ከስደት ተመልሰው የፈረሰ ቤታቸውን ሲያስጠርጉ ከድንጋዩ ሥር የተገኘ ነው። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል፣ ግራ ጎኑ ተቃጥሏል። መሀሉ ላይ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቆሟል። ከግርጌ፣ ነጩ ጠርዝ ላይ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ የደበዘዘ ጽሑፍ አለ።

"ልጄ ነው፤ አውሮፕላኖቹ የደበደቡን ጊዜ ሞተ" አሉኝ። በትልቁ አሳትመው አዲሱ ቤት ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው። ከመሄዳቸው በፊት መስታወቱን ነካ አድርገው "ፋርታ ሀ ቲሪን" አሉ። ፋርታን አታጥፋ።

"እሺ ሆዮ፣ አላጠፋም" አልኩ። ሆዮ እናት ማለት ነው።

ቃሌን ጠበቅሁ። ፎቶውን ከነመስታወቱ ስካን አድርጌ፣ ጽሑፉን ፊደል በፊደል እያደመቅሁ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። የቀረኝ የተቃጠለው ጎን ነበር። እዚያ፣ የልጁ ትከሻ ላይ፣ ከከሰለው ጠርዝ የወጣች አንዲት ጣት አለች። የማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። ጫፏ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ነበረ፤ እድፍ መሰለኝ። ባለቤት የሌላት ጣት ፎቶውን ታበላሻለች ብዬ ወሰንኩ። አጎባበጧ ግን ደስ አለኝ። ስለዚህ የሐረጉን የመጀመሪያ መስመር የጣቷን ዳር ተከትዬ ጎተትኩት፤ ከዚያ ጣቷን ምስሉ ራሱ ላይ በሸሚዙ ቀለም ደምስሼ፣ ሐረጉን ወደ ላይ እየጠመዘዝኩ የተቃጠለውን ጎን በሙሉ ቅጠል አለበስኩት። እንደዚያ ያማረ ሐረግ ሠርቼ አላውቅም። ኮምፒውተሩ ቦታ ስላልነበረው በድሮው ምስል ላይ ሴቭ አደረግሁት። ደስታዬ ልክ አጥቶ ስለነበር ፎቶውንም ከመስታወቱ ላላቅቅላቸው ብዬ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ምስሉ እንደ ቆዳ ተላጠ። ግድ የለም፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ አልኩ።

ሲመጡ ትልቁን ፎቶ በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅኋቸው። ልጁን አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ትከሻው ሄደ።

"ፋርታ?" አሉ።

ጽሑፉን አሳየኋቸው። አይደለም ብለው ጠቋሚ ጣታቸውን ፊቴ ላይ ቀሰሩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ያንኑ ጣት በሌላው እጃቸው ጨብጠው "ፋር፣ ፋር" አሉኝ። ባልደረባዬ ከኋላዬ ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ በሶማልኛ ጽሑፍም ፋር ነው፣ ጣትም ፋር ነው።

የሴት ልጃቸው ጣት ነበረች። ታናሽ ወንድሟን ትከሻውን ይዛ ነው ፎቶ የተነሳችው፤ የሞቱትም በአንድ ቀን ነው። ከዚያች ጣት በስተቀር ፎቶው ላይ የነበረው አካሏ ሁሉ ተቃጥሏል። ሌላ ፎቶ የላትም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኮምፒውተሩን አገላበጥኩት፣ የድሮው ምስል የለም። መስታወቱን ከቆሻሻ ቅርጫት አወጣሁት፤ የደረቀ ቅርፊት ብቻ ነው። ያኔ ሐረጉ ትዝ አለኝ።

"ሆዮ፣ ይቺን መስመር ይዩልኝ። የጣቷን ዳር ተከትዬ ነው የሣልኳት፤ ቅርጿ አለ" አልኩ በተሰባበረ ሶማልኛ። ያን ሁሉ ቅጠል አንድ በአንድ አጠፋሁ። ትከሻው ላይ አንዲት ጎባጣ መስመር ብቻ ቀረች።

ወደ ስክሪኑ ቀርበው መስመሯን በጣታቸው ከሥሯ ጀምረው ተከተሏት። ጫፏ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ጥፍሯስ? ለዒድ ሂና የቀባኋት እኔ ነኝ።"

እድፍ ያልኩት ሂናውን ነበር። ብዕሩን መርጬ፣ ጥፍር ልሥል ነጥብ ተከልኩ፣ ጎተትኩ። እሳቸው ማውሱ ላይ ያለውን እጄን ያዙት።

"ተወው ሆዮ" አሉኝ፤ እዚያ አገር እናትም ልጇን ሆዮ ብላ ትጠራዋለች። "አንተ አላየሃትም። ከየት ታመጣዋለህ?"

አይቻለሁ አላልኳቸውም። ያቺን ጣት በዓለም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት እኔ ነኝ፤ ስክሪኑን እስክትሞላ አጉልቼ።