ወደ ቦርሳው የተመለሰው ማርማላታ

ሰው እንዴት አንድ ጊዜ በተባለ «አይሆንም» ያምናል? ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ኬንጂ ጃፓናዊ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጆሃንስበርግ ሲመጣ የዚህን አገር ሥርዓት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው እሁድ ሜይፌር ሰፈር ወዳለው ቤታችን ምሳ ጠራነው። ስለ ትውልድ ደሴቱ አወራን። ድሮ የባሕር ወንበዴ ይሸሸግባት ነበር፤ ዛሬ ተራራዋ በድንጋይ እርከን ተሠርቶ መንደሪን ለብሷል። መንደሪኑን ሦስት ፀሐይ ያበስለዋል አለን፦ የሰማዩ፣ ከባሕሩ የሚያንጸባርቀውና የድንጋዩ ሙቀት። ምራቄን ዋጥኩ። ከዚያ እናቱ የሠሩትን የመንደሪን ማርማላታ ከቦርሳው አወጣ።

«ኧረ ምን አስቸገረህ፣ አይሆንም» አልኩት፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

«እሺ» ብሎ መልሶ ከተተው።

ባለቤቴ አልማዝ በዓይኗ ገረፈችኝ። እኔ በገንኩ። ክትፎው ሊደገም ሲል ኬንጂ «በቃኝ» አለ። አልማዝ «በሞቴ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ «በቃኝ ብሏል፣ ሰውየውን እመኚው እንጂ» ብዬ ሳህኑን አነሳሁበት። ዓይኑ ሳህኑን እስከ ኩሽና ሸኘው።

አልማዝ አዘነችለት። «እናንተም ጋ አንዴ እምቢ ያለ ሰው አይለመንም?»

«በደሴታችን እስከ ሦስቴ ይለመናል» አላት። «እዚህ ግን አንዴ እምቢ ያለን ሰው መለመን ነውር ነው ብሎ ያስተማረኝ ባለቤትሽ ነው።»